ከሉሲ ወዲህ፣ ከፋሲል ወዲያ

የዛሬው ወሬያችን የሚጀምረው ከአውቶብስ መስኮት ነው። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን አልፋችሁ ማክሰኝት ስትደርሱ፣ ወቅቱ ከሆነ፣ ልጆች የሽምብራ እሸት ታቅፈው መኪናውን ይከቡታል። እኛም እዚያው ተወልደን ያደግን ሆነን ሳለ እንደ እንግዳ በመስኮት እየገዛን እንበላለን። (የገዛ አገራችን እሸት መኪና ውስጥ ሲበላ ለምን የበለጠ እንደሚጣፍጥ እስካሁን አልገባንም።)

እናላችሁ ባለፈው እሸታችንን እየፈለፈልን ስንጓዝ፣ ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ክርክር ገጠሙ። አንዱ «ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው ይላሉ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ታዲያ ሰሜን ተራራ ላይ ያሉት ጭላዳዎች እስካሁን ምን እየጠበቁ ነው?» አለው። አውቶብሱ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የነበሩ እናት አማተቡ። ክርክሩ በዚያው ተዘጋ፤ እኛም አብረን ስቀን ዝም አልን።

ዝም ማለታችን ግን በኋላ ከነከነን። ምክንያቱም ጥያቄው ሲነሳ የተነሳው ተጣሞ ነው። ሰው ከጭላዳ መጣ ያለ ሳይንቲስት የለም። የጭላዳና የእኛ የዘር ሐረግ የተለያየው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከቺምፓንዚ ጋር እንኳን የምንገናኘው ዛሬ በህይወት በሌለ፣ ከ6 እና 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በኖረ የጋራ ቅድመ አያት በኩል ነው። ጭላዳ ሰው ለመሆን ወረፋ አልያዘም፤ የራሱን መንገድ ሄዶ ሣር በመብላት የተካነ የደጋ ፍጥረት ሆኗል። እንግዲህ ይህን ያህል ብቻ ብንናገር ኖሮ ጉዞው ጥሩ ወሬ ይወጣው ነበር። የእናታችንን ማማተብም የሚያስቆም ነገር አልነበረውም።

ወደ ሌላ ጥያቄ የመራን ግን ከመካከላችን አንዱ ከአውቶብስ ስንወርድ ያነሳው ነገር ነው፤ «ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ሲወራ ሁልጊዜ አፋር፣ አፋር ነው። እኛ ጋ ምንም የለም እንዴ?»

እውነት ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውን ብናስታውስ፣ ሉሲ አለች፤ ድንቅነሽ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሀዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። ከዚያ ወዲህ ሰላም መጣች፤ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ ዲኪካ ላይ ያገኟት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን። አርዲ አለች፣ 4.4 ሚሊዮን። ወደ ራሳችን ዝርያ ስንቀርብ ደግሞ ኦሞ ኪቢሽ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የራስ ቅል በ2022 እንደገና ሲለካ ከ230 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። እነ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ያገኙት የሄርቶ ሰውም 160 ሺህ ዓመት ገደማ አለው። ከዚያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ይገለብጥና... አክሱም! ሌላ ገጽ ይገለብጥና ፋሲል! የማክሰኝት ልጅ የአገሩ ታሪክ የሚጀምርለት በእንፍራዝ ጉዛራ ግንብና እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በተቆረቆረችው ጎንደር ነው። ከሉሲ ወዲህ፣ ከፋሲል ወዲያ፣ በጣና ዙሪያ ማን ነበር? ምን ይበላ ነበር? ይህ ሁሉ ሺህ ዓመት እንደ ባዶ ገጽ ታልፏል።

ገጹ ግን ባዶ አይደለም። እኛም ያወቅነው በቅርቡ ነው፤ ለዚህም ነው ለእናንተ ለማካፈል የቸኮልነው።

ከጎርጎራ እንጀምር። ብዙዎቻችን ጎርጎራን የምናውቃት በሽርሽር፣ በወደቡና በደብረ ሲና ማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት የተደረገው ጦርነት ወደ ጎንደር ተቃርቦ ሳለ (ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነው)፣ ሞይሲ የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኮንን ጎርጎራ አካባቢ ያለ የዓለት ጥላ አየ። የዓለት ጥላ ማለታችን ዋሻ የማይባል፣ ግን ዝናብና ፀሐይ የሚያስጠልል ከላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። መኮንኑ ቆፈረ። ከአፈሩ ሥር በሰው እጅ የተጠረቡ የድንጋይ ስለቶች ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ናይሮቢ የነበረው ታዋቂው ሉዊስ ሊኪ ስለ ግኝቱ ጽፎ አሳተመ። ከታች ያሉት ንብርብሮች ባለሙያዎች መካከለኛው የድንጋይ ዘመን የሚሉት ናቸው። ማለትም እንደ እኛ ያለ ሰው፣ አእምሮውና አካሉ ከእኛ ያልተለየ ሰው፣ ድንጋይን በጥበብ ጠርቦ ጦር ላይ የሚያስርበት ዘመን። በጦርነት መሐል አካፋ ይዞ ጥንታዊ ድንጋይ የሚፈልግ ወታደር ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ምስጋና ይግባውና ጎርጎራን በድንጋይ ዘመን ካርታ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ከጣና በስተምዕራብ እንውረድ። ከደጋው ተነስቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው የሽንፋ ወንዝ በመተማ ቆላ ያልፋል። እዚያ ሽንፋ መተማ 1 የተባለ ቦታ ላይ ጆን ካፕልማን የሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ያገኙትን ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። እኛ ይህን ስናነብ ቡናችን ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ከታዩት ፍንዳታዎች ሁሉ ታላቁ እንደሆነ ይነገርለታል። አመዱ ሰማይ ለሰማይ ተጉዞ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ወደቀ። ከወደቀባቸው ቦታዎች አንዱ ሽንፋ ነው! በእርግጥ በዓይን የሚታይ አመድ አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ብናኞች ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ አፈሩን አጥበው፣ በአጉሊ መነጽር ለቅመው፣ ኬሚካላቸውን ከቶባ ጋር አስተያይተው ነው ያወቋቸው። ለረጅም ጊዜ ደግሞ አንዳንድ ሊቃውንት በዚያ ፍንዳታ ምክንያት ምድር ቀዝቅዛና ደርቃ የሰው ዘር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር ይሉ ነበር።

የሽንፋ ሰዎች ግን አልጠፉም። ከአመዱ በፊትም፣ አመዱ ባለበት አፈር ውስጥም፣ ከአመዱ በኋላም ዕቃቸውና የበሉት ምግብ ፍርፋሪ ይገኛል። እሳት ያነዱ ነበር። ሚዳቋም ጦጣም ወፍም ያድኑ ነበር። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ትተው ሄደዋል፤ በቅርፊቱና በእንስሳቱ ጥርስ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ሲመረመር በጋው ረጅምና እጅግ ደረቅ እንደነበር ተናግሯል። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ለጦር የማይሆኑ፣ ለቀስት ጫፍ የሚመስሉ። ትርጉሙ ትክክል ከሆነ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ጥንታውያን የቀስት ምልክቶች አንዱ በመተማ ቆላ ነው ማለት ነው።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን አሳው ነው። ድርቁ ሲበረታ ሰዎቹ የበሉት አሳ በዛ። ለምን? ወንዙ ሲቆረጥ ውሃው በየቦታው ኩሬ እየሆነ ይቀራል፤ አሳው በጠበበ ኩሬ ውስጥ ይታጎራል፤ ለመያዝም ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው አንድ ትልቅ ሐሳብ ያቀርባሉ። እስካሁን ሰው ከአፍሪካ የወጣው ዝናብ በዝቶ በረሃው በለመለመ ጊዜ፣ አረንጓዴ መንገድ ተከትሎ ነው ይባል ነበር። እነሱ ግን በደረቅ ጊዜም፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተከተለ፣ የሚቆረጥ ወንዝን እንደ መንገድ ተጠቅሞ ሊወጣ ይችል ነበር ይላሉ። ሽንፋ ወደ ዓባይ ወንዞች ይገባል፤ ዓባይ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ቀሪውን በካርታ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት። ዛሬ ቤጂንግም ሆነ ለንደን ያለው ሰው የዘር ግንዱ ከዚያ ዘመን አፍሪካውያን ይመዘዛልና፣ የማክሰኝት ልጅ «እኛ ጋ ምን አለ?» ሲል መልሱ ከደጃፉ ብዙም አይርቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሱ ወደ ጣና እንምጣ። ይህኛው ክፍል እኛን እንቅልፍ የነሳን ነው።

ጣና ደርቆ ነበር።

አዎ፣ ይህ ባህር የምንለው፣ 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ውሃ። ስፋቱ አያታላችሁ፤ ጥልቅ ከሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ከ9 ሜትር አይበልጥም። ሄንሪ ላምብ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ አንብበው፣ ደለሉንም በቱቦ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2007 እንደጻፉት፣ ከሐይቁ ደለል ሥር ጥርቅም ብሎ የደረቀ አፈር አለ፤ በላዩም ጎርፍ የቦረቦራቸው ቦዮች። ከዚህ ድርቀት በኋላ፣ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት ገደማ በፊት፣ የሐይቁ መሐል ረግረግ ሆነ። ምን ዓይነት ረግረግ? የደንገል! ዛሬ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል ያኔ ከዳር ሳይሆን ከጣና ወገብ ላይ ይበቅል ነበር። ቀስ በቀስ ውሃው ከፍ አለ፤ መውጫ ስላልነበረው ትንሽ ጨው ጨው አለ። ከዚያ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰና ጣፈጠ። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ስለነበር፣ ታላቁ ዓባይ ራሱ በክረምት ብቻ የሚወርድ ጎርፍ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ግብጽና እኛ ዛሬ ስንት የምንባባልበት ውሃ!

ሐይቁ ሲደርቅ ሰው የት ሄደ? የጎርጎራ ጥላ ተጠላዮች የጣና አልጋ ሜዳ ሆኖ ሲያዩ ምን ተሰማቸው? አፍ አውጥቶ የሚነግረን የለም። ሰው ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ቦታ መለወጥ ያውቅበታል። ባሌ ተራራ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዓለት ጥላ ውስጥ፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወጥተው የፍልፈል ሥጋ እየጠበሱ ኖረዋል፤ ብርዱን ችለው፣ ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ ጠጥተው። ውሃው ሲወርድ ይወርዳል፤ ሲወጣ ይወጣል።

አንድ የግርጌ ወሬ እዚህ ላይ እናስገባ። «ሞጣ ዋሻ» ስትሉ የምሥራቅ ጎጃሟን ሞጣ ያሰባችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል! የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ ዘረመሉ የተነበበው የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ የተገኘበት የሞጣ ዋሻ ያለው በጋሞ ነው። እኛም አንድ ሰሞን ለጎጃም ጓደኞቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ ብለን ነበር። በተቃራኒው ደግሞ «የላሊበላ ዋሻ» ሲባል ላስታን እንዳታስቡ፤ እሱ የእኛ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በድሮው በጌምድር፣ ላሊበላና ናጫቢየት የሚባሉ ሁለት ዋሻዎች አሉ። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጅ) ቆፍራቸዋለች። ከአመዱና ከከብት አጥንቱ መሐል ምን አገኘች መሰላችሁ? ገብስና ሽምብራ! ዕድሜው 2,500 ዓመት ገደማ። የሽምብራ የዱር ዘመድ የሚገኘው ቱርክ ውስጥ ነው፤ እንግዲህ በሰው እጅ ከዚያ ድረስ ተጉዞ ጣና ዳር ደረሰና ዋልካ መሬት ወደደ። በመኪና መስኮት የምንገዛው እሸት የዚያ ዘር ልጅ ነው።

ታሪኩ ያለፈ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ እናበቃ ነበር። ግን ነገሩ ያላለቀ ነው። ዓሣውን ተመልከቱ። ጣና ውስጥ በአገሬው ነጭ አሳ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሳይንቲስቶች 15 ያህል ዝርያ ለይተውታል፤ ሁሉም የዘመድ አዝማድ ናቸው። ከፊሉ አሳ አሳዳጅ ሆኗል፣ ከፊሉ ጭቃ ፈታሽ፤ አፉም አካሉም በዚያው ልክ ተለዋውጧል። የዓባይ ፏፏቴ ከታች ካሉት ዓሦች ለይቷቸው በገዛ ሐይቃቸው የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። በዚህ ዓይነት ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተበራከተ የነጭ አሳ ወገን በዓለም ሌላ የቀረ አይታወቅም። ዝግመተ ለውጥ ማለት ይኸው ነው፤ ለማየት ጋላፓጎስ መሄድ አያስፈልግም፤ ባህር ዳር ዓሣ ገበያ ይበቃል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለመራባት በክረምቱ መውጫ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ እኛው አርኖ ጋርኖ። እኛ ደግሞ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንቁላል የያዘችውን እንጠብቃታለን። በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጅ) ውስጥ ብቻ ቁጥራቸው በእጅጉ ማሽቆልቆሉን ባለሙያዎች መዝግበዋል። ደንገሉም እየተጨደ፣ ረግረጉም እየታረሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረበት። ጎርጎራ ላይ ከሰማንያ ዓመት በፊት የተጀመረው ቁፋሮ ደግሞ የዚህ ዘመን መሣሪያ ይዞ የሚመለስበት ባለቤት ይፈልጋል፤ ባልጩት የተቀበረበት ዓለት በጠጠር ፈላጊ ሳይፈለጥ።

ባለፈው ሰሞን ይህን ሁሉ በጭንቅላታችን ይዘን ከማክሰኝት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ውሃው ሸሽቶ ነበር፤ ገበሬው ባህር ሸሽ በሚለው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራ ተዘርቷል። በየዓመቱ ውሃው ወደ ኋላ ሲል ሰው እየተከተለ ይዘራል፤ ስለ ድንበሩም ይጣላል። አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው። ከሰላምታው በኋላ የምናውቀውን ለማሳየት አላስቻለንም።

«አባባ፣ ጣና በጥንት ጊዜ ጨርሶ ደርቆ እንደነበር ያውቃሉ?»

ዝም ብለው ውሃውን አዩ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ልጅ ያበደ መስሏቸው ይሆናል ብለን ፈራን።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ሜዳ ሆኖ ነበር። መሐሉ ላይ ደንገል በቅሎበት።»

«ሰብል ይዘሩበት ነበር?»

«የለም፣ ያኔ ገና እርሻ አልተጀመረም።»

«ምነው፣ ያን ሁሉ ባህር ሸሽ!» አሉና ሳቁ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አሳውስ? አሳው የት ገባ?» አሉን።

ሳይንቲስቶቹም የሚከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ደነገጥን። ከወንዞቹ ሳይተርፍ አልቀረም ይባላል ልንላቸው ስንል ቀደሙን።

«ወንዝ ነዋ የሚገባው፤ ሌላ የት ይገባል? ጋርኖ በበጋ ይቆረጣል እኮ። ግን ኩሬ ኩሬው አይደርቅም፤ አሳው እዚያ ይከተታል። እኛ በልጅነታችን በሚያዝያ መረብም መንጠቆም አንፈልግም ነበር፤ ገብተን በእጃችን ነው የምንይዘው። ድርቅ በሆነ ዓመት ደግሞ እሱ ነው ያኖረን።»

ስለ ሽንፋ ገና አንድ ቃል አልነገርናቸውም ነበር።